ከሶኬቱ እስከ ማዘርቦርዱ፦ አልበራ ያለ ላፕቶፕ እንዴት ይመረመራል

 

የዚህ የእንጅባራ ስብሰባ አዘጋጆች ሲጋብዙኝ «ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ፣ ሰው ቤቱ ገብቶ የሚሠራበት ነገር ንገረን» አሉኝ። ርዕሱን ለእኔ ተዉት። እኔም የመረጥኩት ቁልፉን ሲጫኑት ዝም የሚል፣ ቻርጀር ተሰክቶበት ቢያድር እንኳ የማይሞላ አሮጌ ላፕቶፕን ነው። እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ አልጋ ሥር ወይም ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣችሁ የመጣችሁ ብዙ እንደሆናችሁ እገምታለሁ። አንዳንዶቻችሁ በቦርሳ ይዛችሁት እንደገባችሁ ደግሞ ከዚህ ሆኜ አያለሁ፤ ደግ አደረጋችሁ።

ጉዳዩ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወረቀቱ ጎን ለጎን በኮምፒውተርም መሰጠት ጀምሯል። በዚያው ዓመት የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ተጀምሯል። ሁለቱም የሚሠራ ኮምፒውተር ይፈልጋሉ። ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ፈተና ላይ ፊደል ሲፈልግ ጊዜው ያልቅበታል። አዲስ ላፕቶፕ ደግሞ ለአንድ መምህር የብዙ ወር ደመወዝ ነው። ታዲያ በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከተቀመጠው አሮጌ ላፕቶፕ አንዱ እንኳ ቢነሳ፣ ልምምድ ያላገኘ አንድ ልጅ አገኘ ማለት ነው።

እናንተ በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሶቻችሁን ሸልማችሁ አደባባይ የምታወጡ ሰዎች ናችሁ። ፈረስ ቢያነክስ ባለቤቱ መጀመሪያ ሰኮናውን አንስቶ ያያል፤ ሳያይ «አበቃለት» አይልም። ላፕቶፕ ሲሆን ግን ቁልፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ተጭነን «ማዘርቦርዱ ሞቷል» እንላለን። ዛሬ ይህን ልማድ እንድንተው ልለምናችሁ ነው የቆምኩት።

የንግግሬ ሁሉ ፍሬ አንድ ነው፤ ደጋግሜ ስለው እንዳትሰለቹኝ። መብራት ከግድግዳው ሶኬት ተነስቶ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ዋናው ቦርድ፣ እስኪደርስ የሚሄድበት መንገድ አለ። ያን መንገድ ከመነሻው ጀምራችሁ ተከተሉ፤ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ቻርጀሩንም ባትሪውንም ራም የሚባለውን የማስታወሻ ካርድም በአንድ ቀን ቀይሮ ያስነሳው ሰው የትኛው እንደተበላሸ አያውቅም፤ ላልተበላሸውም ገንዘብ አውጥቷል።

ከመንገዱ በፊት ግን ሕመሙን ለዩ። «አልበራም» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው ቻርጀር ላይ ሆኖ ይሠራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም። ሁለተኛው ጭራሽ ምንም ምልክት አይሰጥም፤ መብራት የለ፣ የፋን ድምፅ የለ። ሦስተኛው በርቷል፣ ስክሪኑ ግን ጨልሟል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ከሁለተኛው ጋር ያምታታዋል። ስለዚህ ቁልፉን ተጭናችሁ ጆሯችሁን አስጠጉ። «ካፕስ ሎክ» የሚለውን ቁልፍ ስትነኩት ትንሿ መብራት ብልጭ እልም ትል እንደሆነም እዩ። ካለች ማሽኑ ነቅቷል፤ ችግሩ ስክሪን ላይ ነው። በጨለማ ክፍል የእጅ ባትሪ ስክሪኑ ላይ አስጠግታችሁ አብሩበት፤ ጽሑፉ ደብዝዞ ከታያችሁ የጠፋው የስክሪኑ የጀርባ ብርሃን ነው። እንደዚህ አዳራሽ ፕሮጀክተር ካላችሁ ደግሞ ከእሱ ጋር አገናኙት። ምስሉ ግድግዳው ላይ ከመጣ ማዘርቦርዱ ደህና ነው፤ ላፕቶፑም ከአሮጌ ሞኒተር ጋር ሆኖ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል።

አሁን ወደ መንገዱ እንግባ። መነሻው ግድግዳው ነው። ሶኬቱ መብራት እንዳለው በስልክ ቻርጀር ፈትኑ። ማከፋፈያ ካለ ንቀሉትና በቀጥታ ከግድግዳው ሰኩ፤ በየቤታችን ያለው ማከፋፈያ ውስጡ ላልቶ ስፒናውን በደንብ አይዝም። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ አልፈነው እንሂድ።

ስለ መብራታችን ግን ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ላፕቶፕ የሚጎዳው በዚህ ነውና። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። የቻርጀራችሁን ጀርባ ብታዩ አብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል ተጽፎበታል። ይህ ማለት መብራቱ ደክሞ አምፖሉ ቢደበዝዝ እንኳ ቻርጀሩ ሥራውን ይሠራል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከላችሁም ላፕቶፕ ይህ ጽሑፍ ካለው ትራንስፎርመር አይፈልግም፤ የስፒናውን ቅርጽ ማስተካከል ይበቃዋል። የሚያሰጋው መብራት ሄዶ ተመልሶ ሲመጣ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች ከልኩ በላይ ዘሎ ሊመጣ ይችላል፤ ቻርጀሩ ውስጥ ያለውን ፊውዝ ወይም ካፓሲተር የሚያቃጥለውም እሱ ነው። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀሉ። ሲመጣም ረግቶ እስኪቆም ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ። የክረምት መብረቅ ሲያጉረመርምም እንዲሁ። ምንም ወጪ የለውም።

ቀጥሎ ቻርጀሩ ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆያለን፤ ዝም ያለ ላፕቶፕ ስታገኙ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትጠረጥሩት ቻርጀሩን መሆን አለበት።

አብዛኛው ቻርጀር ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ከግድግዳው እስከ ጥቁሩ ሳጥን ያለው፣ የሚነቀለው ገመድ ነው። ሁለተኛው ራሱ ሳጥኑና ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው ቀጭን ገመድ ነው። የመጀመሪያው ገመድ ርካሽ ነው፤ ከሌላ ተውሳችሁ መፈተንም ትችላላችሁ። ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ ከመጣል በፊት እሱን ቀይሩ። ሳጥኑ ላይ ትንሽ መብራት ካለ ትልቅ ምስክር ናት። ከላፕቶፑ ሳይሰካ ካልበራች፣ ችግሩ ከቻርጀሩ ወይም ከግድግዳው ገመድ ነው። ለብቻው ሲሆን በርታ፣ ላፕቶፑ ላይ ስትሰኩት እልም ካለች ግን ላፕቶፑ ውስጥ ሾርት ሳይኖር አይቀርም፤ ቻርጀሩ ራሱን ለማዳን ነው የጠፋው። እንዲህ ሲሆን ደጋግማችሁ አትሰኩት፤ ለባለሙያ አሳዩት።

መልቲሜትር የሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ያለው ሰው ቀጭኑን ጫፍ ይለካ። ሳጥኑ ላይ 19 ተኩል ቮልት ተብሎ ከተጻፈ ልኬቱም እዚያው አካባቢ መሆን አለበት። 12 ወይም 8 ካሳየ፣ ወይም ገመዱን ስታወዛውዙት ቁጥሩ ከዘለለ ቻርጀሩ አልቋል። ጥንቃቄ፤ ውስጡ መሐል ፒን ያለውን ጫፍ ስትለኩ ሁለቱ መለኪያ እንዳይነካኩ።

አሁን የምለውን ተማሪዎች ጻፉት። ቻርጀር የሚመረጠው ጫፉ ቀዳዳው ስለገባ አይደለም። ቮልቱ ከላፕቶፑ ጋር መመሳሰል አለበት። አምፒሩ ግን ከተጻፈው እኩል ወይም በላይ ይሁን እንጂ አይነስ። ቮልትን በአምፒር ስታባዙ ዋት ታገኛላችሁ፤ 19.5 ሲባዛ በ3.34 ወደ 65 ዋት ነው፤ 19.5 ሲባዛ በ4.62 ደግሞ ወደ 90 ዋት። 90 ዋት ለሚፈልግ ላፕቶፕ የ65 ዋት ቻርጀር ብትሰጡት ይበራ ይሆናል፣ ባትሪውን ግን ላይሞላ ይችላል። ሰው ደግሞ ባትሪው ሞተ ብሎ ባትሪ ይገዛል። ሌላም አለ። ዴልና ኤችፒ በብዙ ሞዴሎቻቸው የቻርጀሩ ጫፍ መሐል ላይ መርፌ የምታህል ቀጭን ፒን አላቸው። ያቺ ፒን ለላፕቶፑ «እኔ ትክክለኛው ቻርጀር ነኝ» የምትል መልእክት ታደርሳለች። ከታጠፈች ወይም ከተሰበረች መልእክቱ ይቋረጣል፤ ላፕቶፑ ይሠራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም። ጫፉን ብርሃን ላይ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ባትሪ ለመግዛት ባሕር ዳር ከመሄዳችሁ በፊት ይህችን ፒን እዩ።

ከቻርጀሩ ቀጥሎ ገመዱ የሚገባባት ቀዳዳ አለች። የአንዲት የዳንግላ መምህርት ላፕቶፕ ወደ እኔ የመጣው በአንድ ጥገና ቤት «ማዘርቦርዱ ስለሞተ ሌላ ይግዙ» ከተባሉ በኋላ ነው። የዓመቱ የተማሪ ውጤት በሙሉ ውስጡ ነበር። ቻርጀሩን ለካሁት፤ ደህና ነው። ጫፉን ቀዳዳው ውስጥ አስገብቼ በቀስታ ወደ ግራ ገፋ ሳደርገው የመሙያው መብራት ለቅጽበት ብልጭ አለች። ከፍቼ ያችን መሰኪያ በማጉያ መነጽር አየኋት። ከቦርዱ ጋር በሊድ ከተበየዱት እግሮቿ አንዱ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ዙሪያ ያለው ቦርድ ከሙቀት የተነሳ ቡናማ ሆኗል። አሮጌው ሊድ ተነስቶ በአዲስ ተበየደ፤ ላፕቶፑ ነቃ። ማዘርቦርዱ ምንም አልሆነም ነበር።

እንዲህ ያለው ስንጥቅ የሚመጣው ቻርጀር እንደተሰካ ላፕቶፑን አልጋ ላይ ስናገላብጥ፣ ልጆች በገመዱ ሲያልፉበት፣ ገመዱ ተወጥሮ ወደ ጎን ሲጎትት ነው። ገመዱ ሁልጊዜ ላላ ብሎ ይተኛ። ቀዳዳው ውስጥ አቧራ ወይም የቦርሳ ብናኝ ካለም መብራቱን አጥፍታችሁ፣ ባትሪውን አውጥታችሁ በደረቅ የጥርስ እንጨት ጥረጉት፤ በመርፌ ግን አትንኩት።

አሁን ባትሪው ጋ ደርሰናል። ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ሊትየም አዮን ባትሪ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያቀረበው፣ ዛሬ በስልካችሁም ያለው ዓይነት ነው። ለዚህ ባትሪ መሠረት የጣሉት ጆን ጉድኢነፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። በአሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ ያለውን ረዘም ያለ ባትሪ ብትከፍቱት፣ አትክፈቱት እንጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ክብ ሴሎች ታገኛላችሁ። እያንዳንዱ ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር ነው። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። ወርዶ ወርዶ ከ2.5 ቮልት በታች ከሄደ ግን ውስጡ መጎዳት ይጀምራል። ስለዚህ ባትሪው ውስጥ ያለችው ትንሽ ሰርኪት በሩን ትዘጋና «ከዚህ ወዲያ መሙላት አደጋ አለው» ትላለች።

ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። በክልላችን ትምህርት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት በየትምህርት ቤቱ ቁም ሳጥን ተቆልፎባቸው የከረሙ ላፕቶፖች አሉ። ባትሪያቸው ባዶ ሆኖ ተቀመጠ። ሳይሠሩም ቢሆን ቀስ በቀስ እየወረደ ከዚያ ከ2.5 ቮልት በታች ሄደ። አሁን ቻርጀር ሲሰካ ዝም ይላሉ፤ ሰውም «ተበላሽተዋል» ብሎ ዝርዝር ውስጥ ይጽፋቸዋል። መምህራን፣ የንብረት ኃላፊዎች፣ እባካችሁ ከዝርዝሩ በፊት ይህን ሞክሩ። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ከሥር ያሉትን መቆለፊያዎች ገፍታችሁ አውጡት። ቻርጀሩንም ንቀሉ። የማብሪያውን ቁልፍ ለሠላሳ ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ ቦርዱ ላይ የቀረ ኃይል ይፈስሳል። ከዚያ ባትሪውን ሳትመልሱ ቻርጀሩን ብቻ ሰክታችሁ ቁልፉን ተጫኑ። ከበራ ላፕቶፑ ጤነኛ ነው፤ የሞተው ባትሪው ብቻ ነው። ብዙ አሮጌ ላፕቶፕ ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ ይሠራል። ለኮምፒውተር ክፍል ደግሞ ይህ በቂ ነው፤ መብራት ሲሄድ ይጠፋል፣ ሲመጣ ይነሳል።

ባትሪው የማይወጣ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ቁልፉን ያው ሠላሳ ሰከንድ ያዙ። ከዚያ ቻርጀሩ ላይ ሰክታችሁ ግማሽ ቀን ተዉት፤ አንዳንዱ ቀስ ብሎ ይነቃል። ካልነቃ ባለሙያ ከፍቶ የባትሪውን ሶኬት ይንቀልና በቻርጀር ብቻ ይሞክረው። አንድ ነገር በአንድ ጊዜ።

ስለ ባትሪ ከዚህ በላይ የማሳስባችሁ ነገር አለ፤ ወላጆች ስሙኝ። ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከተንገዳገደ፣ የጣት መዳሰሻው ወደ ላይ ከተነሳ፣ ክዳኑ አልገጥም ካለ ባትሪው አብጧል። ያን ቀን ንቀሉት፣ አትሙሉት፣ አትጫኑት፣ አትብሱት። በምንም ምክንያት ከሰል ማንደጃ አጠገብ እንዳታስቀምጡት፤ ቆሻሻ ሲቃጠልም እሳቱ ውስጥ እንዳትጥሉት። ሊትየም አዮን ባትሪ ሲነድ በውኃ ቶሎ የማይበርድ እሳት፣ መርዛም ጭስም ያወጣል። እንጨትና ከሰል የማይጠፋበት ቤት ያለን ሰዎች ነንና ይህን ለልጆቻችን እንንገር። በሽቦ ነካክቶ የሞተ ሴል «የሚያስነሳ» ሰው ቢያጋጥማችሁም ላፕቶፓችሁን አትስጡት። ባትሪው ውስጥ ያለችው ሰርኪት በሩን የዘጋችው ለደኅንነታችሁ ነው።

እስካሁን ካልነቃ ወደ ውስጥ እንገባለን፤ እዚያ መጀመሪያ የምንጠረጥረው እርጥበትን ነው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል ከ2500 ሜትር በላይ ናት፤ ዳንግላም ከ2100 በላይ። ዝናቡን እናንተ ታውቁታላችሁ። ሌሊት ቀዝቃዛ ክፍል ያደረ ላፕቶፕ ጠዋት ሻይ የሚፈላበት ክፍል ሲገባ ውስጡ ያልበዋል፤ ልክ እንደ መስኮት መስታወት። ወዲያው አታብሩት፤ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስማማ ክዳኑን ከፍታችሁ ተዉት። እርጥበት ዓመት በዓመት ሲመላለስበት የራሙን ወርቅማ ጥርሶች ይጋርዳቸዋል። ይህ ሲሆን ፋኑ ይዞራል፣ መብራት አለ፣ ስክሪኑ ግን ምንም አያሳይም። አንዳንዱም ተቆራርጦ «ጢጥ፣ ጢጥ» ይላል ወይም መብራቱን እየቆጠረ ብልጭ ያደርጋል። የብልጭታውን ቁጥር ጻፉት፤ አምራቹ ለእያንዳንዱ ቁጥር ትርጉም ሰጥቶታልና ለጠጋኙ ሥራ ያቀልለታል።

ራም ማጽዳት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የማይከብድ ሥራ ነው። ቻርጀርና ባትሪ ይወጣል። ኮከብ ካቻቢቴ ይዛችሁ ከሥር ያለችውን ትንሽ ክዳን ትከፍታላችሁ። መጀመሪያ የብረት ነገር ንኩ፤ ከሹራብ የሚመጣው የማይታይ ኤሌክትሪክ ራሙን ሊጎዳ ይችላል። ሁለቱን መያዣዎች ወደ ጎን ስትከፍቱ ራሙ ራሱ ብድግ ይላል። ጥርሶቹን በንጹሕ ነጭ ላጲስ በቀስታ ጥረጉ፣ ፍርፋሪውን እፍ አትበሉ፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው። በንጹሕ ብሩሽ አራግፉት። ሁለት ራም ካለ አንዱን ብቻ መልሳችሁ ሞክሩ፤ ከዚያ ሌላኛውን። እንደገና፣ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ።

ውኃ ወይም ሻይ የፈሰሰበት ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ወዲያው አጥፉት፣ ባትሪውን አውጡ፣ ገልብጣችሁ አስቀምጡት። «ደርቆ ይሆናል» ብላችሁ በማግስቱ አታብሩት፤ ጉዳቱን የሚጨርሰው ያ ሙከራ ነው። ከምድጃ አጠገብም አታድርቁት። ተከፍቶ በአይሶፕሮፒል አልኮል መታጠብ አለበት፤ ስኳር ያለበት ሻይ ሲደርቅ ቦርዱ ላይ ይጣበቃልና።

ማዘርቦርዱ በእርግጥ የሚሞትበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ጥገናው ከላፕቶፑ ዋጋ ይበልጥ ይሆናል፤ እኔም እተወዋለሁ። ግን ማዘርቦርዱ ቢሞት ሥራችሁ አልሞተም። ፋይላችሁ ያለው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ እሱም በጥቂት ብሎኖች የተያዘ ለብቻው የሚወጣ ነገር ነው። በዩኤስቢ ማቀፊያ ውስጥ አስገብታችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ትከፍቱታላችሁ። ስለዚህ ጠጋኝ ዘንድ ስትሄዱ በመጀመሪያ የምትሉት «ዲስኩን ፎርማት እንዳታደርግብኝ» ይሁን። ሁለተኛ፣ «ምን ምን ለክተህ ነው ሞቷል ያልከው?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። የሚያውቅ ጠጋኝ ይህን ጥያቄ ይወደዋል፤ የለካውን ቁጥር ይነግራችኋል። ሦስተኛ፣ «የወጣውን ዕቃ አሳየኝ» በሉ።

ወጣቶች፣ ይህ የእናንተ እንጀራም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ኢትዮጵያ አምስት ሺህ ገደማ የሚሆኑ ኤክስኦ የተባሉ የልጆች ላፕቶፖች ገብተው ነበር። ስለ እነሱ ብዙ ክርክር ተደርጓል፤ እኔ የማደንቀው አሠራራቸውን ነው። በተራ ካቻቢቴ እንዲከፈቱ ተደርገዋል፤ መለዋወጫ ብሎኖቹም እዚያው መያዣው ውስጥ ተቀምጠዋል። ከ11 እስከ 18 ቮልት ስለሚቀበሉ ከመኪና ባትሪም ከሶላርም ይሞላሉ። የሠሯቸው ሰዎች ገና ከጅምሩ የገጠር ልጅ ከፍቶ እንደሚጠግናቸው አስበዋል። እኛ እጅ ያሉት ላፕቶፖች እንዲህ ታስበው አልተሠሩም፤ ሆኖም መልቲሜትር፣ ካቻቢቴ፣ ላጲስና ትዕግሥት ያለው ተማሪ ዛሬ የነገርኳችሁን ሁሉ ማድረግ ይችላል። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በየቴክኒክ ኮሌጁ የምትማሩ፣ ክረምት ላይ በየትምህርት ቤቱ ዞራችሁ ቁም ሳጥኖቹን አስከፍቱ።

ንግግሬን እዚህ ላይ አቆማለሁ። ከኋላ ሁለት ጠረጴዛ ተዘጋጅቷል፤ በአንደኛው መልቲሜትርና የተለያየ ቮልት ያላቸው ቻርጀሮች አሉ፣ በሁለተኛው ካቻቢቴና ብሩሽ። ላፕቶፕ ይዛችሁ የመጣችሁ በስም ተመዝገቡና መጀመሪያ ቻርጀሩን ይዛችሁ ወደ አንደኛው ጠረጴዛ ኑ። ጥያቄ ያለው ካለ ደግሞ አሁን እቀበላለሁ።